የሹፌሩ ወንበር

ባለቤቴ ረጅም ሰው ነበር። ሲነዳ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደኋላ ገፍቶ ነው የሚቀመጠው። ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ቦታ ስቀመጥ እግሬ ፍሪሲዮኑ ጋ አልደረሰም። ስፖኪዮውም ከኋላ የሚመጣውን ሳይሆን ጣሪያውን ነው የሚያሳየኝ።

ወንበር ወደፊት ማምጣት ምንም አይደለም። ከስር ያለውን ብረት ሳብ አድርጎ መንሸራተት ነው። እኔ ግን አልቻልኩም። እሱ ያስተካከለው ነዋ! አንዴ ካነቃነቅኩት የሱ ልክ የቱ ጋ እንደነበር ማን ያውቃል? ቁልፌን ይዤ ወረድኩ። አራት ጊዜ እንዲህ ገብቼ ወርጃለሁ። ወንድሜ ባትሪው እንዳይሞት እየመጣ መኪናውን ያስነሳልኛል፤ ወንበሩን እንዳትነካ ስላልኩት ውጪ ቆሞ፣ በበሩ አጎንብሶ ነው ቁልፉን የሚያዞረው። አንድም ቀን ለምን አላለኝም። እግዜር ይስጠው።

በዚያ ሰሞን «አይዞሽ» የሚለውን ቃል ጠልቼው ነበር። በር ላይ አይዞሽ፣ ስልክ ላይ አይዞሽ። ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉና ይሄዳሉ። ክፋት የላቸውም፤ እኔስ ለስንቱ ብያለሁ። የባሰችብኝ «አማኝ አይደለሽም እንዴ? ምነው እንዲህ ታለቅሻለሽ?» ያለችኝ ናት። ጌታ ራሱ አልዓዛርን ሊያስነሣው እየሄደ፣ መቃብሩ ጋ እንኳን ሳይደርስ አልቅሷል። ይህን መመለስ ነበረብኝ። ትዝ ያለኝ ግን እሷን ሸኝቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ሌላው የከነከነኝ፣ «ሞተ» የሚል ሰው መጥፋቱ ነው። አረፈ፣ ተለየን፣ ቀደመን። አውቃለሁ፣ አረፈ ማለት ለእኛ እምነትም ነው። እኔ ግን የሆነውን ነገር በስሙ የሚጠራልኝ ሰው ፈልጌ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ትቼ ነበር። ጸሎቴም «ጌታ ሆይ» ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የለኝም። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እንዲሁ ገለጥኩት። የዘዳግም መጨረሻ ላይ ነበር። ሙሴ ሞተ፣ ሕዝቡም 30 ቀን አለቀሰለት። ይብቃችሁ ያላቸው የለም። ቀጥሎ መጽሐፈ ኢያሱ ይጀምራል። እግዚአብሔር ለኢያሱ መጀመሪያ የሚነግረው «ሙሴ ሞቶአል» ብሎ ነው።

ደግሜ አነበብኩት። ኢያሱ መሞቱን አጥቶት ነው? ወር ሙሉ ተለቅሷል እኮ። እግዚአብሔር ግን ሳያለዝብ ነገሩን በስሙ ጠራው። ወዲያው ደግሞ ተነሥ፣ ዮርዳኖስን ተሻገር አለው። ሐዘንህ ሲወጣልህ አላለውም።

ዝቅ ስል ያው የጠላሁት ቃል መጣ። «ጽና፥ አይዞህ።» ሣቄ መጣ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። በዚያው በአንዱ ምዕራፍ «ጽና» አራት ጊዜ ተጽፏል፤ የመጨረሻውን የሚሉት ራሱ የሚመራቸው ሰዎች ናቸው። አራት ጊዜ ጽና የሚባል ሰው ጉልበቱ እየተብረከረከ መሆን አለበት። ልዩነቱ፣ ይሄኛው አይዞህ ትከሻ መታ አድርጎ የሚሄድ አይደለም። «በምትሄድበት ሁሉ ከአንተ ጋር ነውና» ይላል። አብሮ የሚሳፈር አይዞህ ነው።

ወንዙም ሞልቶ ነበር፤ የመከር ወቅት ስለሆነ ዳር እስከ ዳር። ውኃው የቆመው ታቦቱን የተሸከሙት ካህናት እግራቸውን ካስነከሩ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢቆምላቸው ምን ነበረበት? ይህን ለራሱ ለጌታ ጠይቄዋለሁ። «ጌታ ሆይ» ካልኩ በኋላ የመጣልኝ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እሱ ነው። ጸሎት ይባል ክርክር፣ አላውቅም። ብቻ ተኛሁ።

በማግስቱ ልጄን የማደርስበት ቦታ ነበረኝ። ከኋላ ገብታ ቀበቶዋን አሰረችና «እማዬ፣ ዛሬ ትነጂያለሽ ወይስ እንደ ባለፈው እንወርዳለን?» አለች። ስታሾፍ አይደለም። ቦርሳዋን ታውልቅ ወይስ ትተወው ለማወቅ ነው።

«አባትሽ ሞቷል» አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እንጃ።

«አውቃለሁ» አለች።

ብረቱን ሳብኩት። ወንበሩ ቀጭ ቀጭ እያለ መጣ። ሰባት ቆጠርኩ፤ የሱ ልክ ከኔ ሰባት ቀጭታ ወደኋላ መሆኑን አሁን አውቃለሁ። እግሬ ፍሪሲዮኑን ነካ። ስፖኪዮውን ዝቅ ሳደርግ ጣሪያው ሄደና የልጄ ዓይን መጣ። እሷም እያለቀሰች ነው፣ እኔም።

ሞተሩ ሁለቴ ጠፋብኝ። በሦስተኛው ከግቢ ወጣን፤ መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ከኋላ «እማዬ፣ ፍሬቻ!» አለችኝ።