ስትሮንግ ባድ ኢሜይል ሲያነብ

ሰሞኑን ማታ ማታ ሥራዬ ሆምስታር ራነርን ማየት ሆኗል። ለማታውቁት፣ ማይክ እና ማት ቻፕማን የሚባሉ የአትላንታ ወንድማማቾች በ2000 ድረ ገጽ ከፍተው በፍላሽ (ድሮ ድረ ገጽ ላይ የሚንቀሳቀስ ሥዕልና ጌም ይሠራበት የነበረ ፕሮግራም) ይሠሩት የጀመሩት የካርቱን ኮሜዲ ነው። አብዛኛውን ድምፅ ማት ነው የሚሠራው። ቴሌቪዥን የለ፣ ማስታወቂያ የለ፣ ቲሸርትና ዲቪዲ እየሸጡ ነው የኖሩት።

ስሙ በሆምስታር ይጠራ እንጂ ጨዋታውን የሚያደምቀው ስትሮንግ ባድ ነው። የሬስሊንግ ጭንብል ያጠለቀ፣ ሸሚዝ የማይለብስ፣ እጁ ላይ የቦክስ ጓንት ያለው ጉረኛ። ከ2001 ጀምሮ ተመልካች የሚልክለትን ኢሜይል ጮክ ብሎ ያነባል፣ ከዚያ ላኪውን ያብጠለጥለዋል። ፊደል የሳተ ሰው አለቀለት! በዚያ ጓንት እንዴት ኪቦርድ ትመታለህ የሚለው ጥያቄማ ብዛቱ ራሱ ቀልድ ሆኖ ቀረ።

በሳቅ የገደለኝ የዘንዶው ነው። የ2003 ነው። አንዱ የሥዕል ችሎታህን ልይ፣ እስቲ ዘንዶ ሣልልኝ ይለዋል። እሱም እንደ ትልቅ መምህር ተኮፍሶ በእንግሊዝኛው ኤስ ፊደል ይጀምራል፣ ሌላ ኤስ ይደርብበታል፣ ጥርስ፣ እሾህ፣ የተቆጣ ቅንድብ ይጨምራል፣ በመጨረሻ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ጀርባው ላይ አንድ ጡንቻማ የሰው ክንድ ይተክልለታል። ስሙን ትሮግዶር ይለዋል። ወዲያው የሄቪ ሜታል ዘፈን ይወጣለታል፣ ዘንዶው የገበሬውን የሣር ጎጆ ሲያቃጥል። ደብተራቸው ጠርዝ ላይ ዘንዶና ሰይፍ ሲሥሉ ያደጉ፣ በኋላ ኢንተርኔቱን የሞሉት ልጆች እዚያ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። የጃፓን ካርቱን ወዳጆችም አልቀሩም፤ ለእነሱ ሰማያዊ ፀጉር፣ ትልልቅ ዓይን፣ ሲዘጋ የምታንስ ሲከፈት ፊት የምታክል አፍ ያለው ሌላ ስትሮንግ ባድ ተሠርቶላቸዋል።

ስድቡ ለምን እንደማይጎረብጥ ሳስብ ነበር። ወንድማማቾቹ የሚያሾፉት በራሳቸው ጎራ ነው መሰለኝ። የድሮ ጌምና የድሮ ኮምፒውተር ነፍሳቸው ነው፤ ስትሮንግ ባድ ራሱ በጥቁር ስክሪን ላይ ነው የሚጽፈው። ላኪዎቹም ቢሆኑ ስድቡን ፈልገውት ነው። አንዳንዱ ሆን ብሎ ፊደሉን ሳያበላሸው አይቀርም። (የእኛ የዚያ ዘመን ኢሜይል ደግሞ "ይህን ለ10 ሰው ካላስተላለፍክ" የሚል ነበር። ስትሮንግ ባድ እጅ ቢገባ ኖሮ ጉድ ነበር።)

የፍላሽ ባለቤት አዶቤ በ2020 መጨረሻ ፍላሽን ሲዘጋ የዚያ ዘመን ብዙ ነገር አብሮ ጠፋ። ሆምስታር ግን የድሮ ፍላሽ በሚያጫውት ራፍል በሚባል ፕሮግራም አሁንም ይሠራል። ዩቲዩብ ላይም አለ፣ ግን እዚያ አትዩት። ድሮ ካርቱኑ ሲያልቅ ስክሪኑን እዚህም እዚያም ስትነካኩ የተደበቀ ቀልድ ይወጣ ነበር፤ ግማሹ ደስታ እሱ ነው፣ ቪዲዮ ሲሆን ያ የለም። የመጀመሪያዎቹን ኢሜይሎች ዝለሏቸው፣ አጫጭርና ቀዝቃዛ ናቸው። ከዘንዶው ጀምሩ።