የአማዞን ዓሣ በሀዋሳ ውሃ

አንጀል ፊሽ የተባለውን የጌጥ ዓሣ በቤት ውስጥ የመስታወት ገንዳ ለማርባት ለምታስቡ የሀዋሳ ወዳጆች አስቀድሜ የማነሳው፣ ይህ ዓሣ በመልክ ባይመሳሰልም ከሐይቃችን ቆሮሶ ጋር የአንድ ቤተሰብ አባል መሆኑን ነው። ሁለቱም ሲክሊድ ከሚባለው የዓሣ ቤተሰብ ይመደባሉ፤ ቆሮሶ የአፍሪካ፣ አንጀል ፊሽ ደግሞ የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ተፋሰስ ተወላጅ ናቸው። ዝምድናውን ለወሬ ማድመቂያ አላነሳሁትም። አንጀል ፊሽ ቦታውን ሲያስከብር፣ ከአፉ የሚያንሰውን ዓሣ ሲውጥ፣ ጥንድ ሲመሠርት ጠበኛ ሲሆንና ልጆቹን ሲጠብቅ የሚታየው ሁሉ የሲክሊድነቱ ጠባይ ነው። ለጌጥ ብቻ ብሎ የገዛው ሰው ዓሣው ሲያድግ ግራ የሚጋባውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ደግሞ «ይኼኛው ይጠበሳል ወይ?» ማለቱ አይቀርም፤ የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያን ጥብስ ለለመደ ሰው አልፈርድም።

ገንዳዬ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 50 ሴንቲ ሜትር ሲሆን እስከ አፉ ቢሞላ 160 ሊትር ይይዛል። ከሦስቱ ልኬቶች ጨርሶ መቀነስ የሌለበት ከፍታው ነው፤ ያደገ አንጀል ፊሽ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ የላይና የታች ክንፎቹ ሲዘረጉ ቁመቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ገንዳውን ያሠራሁት በመስታወት ቤት ነው። ሲሊኮኑ የሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት ከሆነ ለዓሣ መርዝ ስለሆነ፣ ያልተጨመረበትን ራሴ ገዝቼ ወሰድኩላቸው። ውሃው ብቻውን 160 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ማስቀመጫውን ከወፍራም ብረት ማስበየድ ያስፈልጋል፤ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አይችለውም።

በአካባቢያችን እንደ ልብ ከሚገኘው ነገር ለዚህ ሥራ እጅግ የጠቀመኝ ለግንባታ የሚውለው ቀይ አሽ ነው። ድንጋዩ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ይሰፍሩበታል፤ ስለዚህ አቧራው እስኪጠራ ደጋግሜ አጥቤ ከአሸዋው በታች አነጠፍኩት። አሸዋውንም ሆነ ሌላ ድንጋይ ከማስገባቴ በፊት ጥቂት አቸቶ ጠብ አደርግበታለሁ። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት ማለት ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ ደግሞ ለስላሳ ውሃ የሚወደው ዓሣ ያለበትን ገንዳ ውሃ ጠንካራ ያደርገዋል።

የቧንቧ ውሃችን በእኔ ቤት ሲለካ ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ከ7 በታች አሲዳማ ነው) ወደ 8 የተጠጋ ነው። የአማዞን ውሃ ለስላሳና በአብዛኛው አሲዳማ ቢሆንም፣ ገበያ ላይ የሚገኘው አንጀል ፊሽ ለብዙ ትውልድ በገንዳ የተራባ ስለሆነ፣ ቀስ ተብሎ ከለመደ በዚህ ውሃ መኖር አያቅተውም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ፒኤች ከፍ ባለ መጠን ያው የአሞኒያ መጠን የበለጠ መርዛማ ይሆናል። ለዚህ ነው ዓሣ ከማስገባት በፊት ገንዳው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባክቴሪያውን እንዲያፈራ መታገስ እዚህ ከሌላው ቦታ ይልቅ ግድ የሚሆነው። የምቀይረውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲተን ክዳኑ በተከፈተ በርሜል አየር እየነፋሁበት አሳድረዋለሁ። በክረምት የዝናብ ውሃ ቀላቅዬ አለሰልሰዋለሁ፤ ሆኖም የቆርቆሮ ዚንክ ለዓሣ ጎጂ ስለሆነ ከጣራ የወረደውን አልጠቀምም፣ በንጹሕ ላስቲክ ላይ የተጠራቀመውን እንጂ።

ከተክሎቹ አማዞን ሶርድ፣ ቫሊስኔሪያና አኑቢያስ ተስማምተውኛል። ቫሊስኔሪያ ጠንካራ ውሃን ስለሚችል በፍጥነት ተዛምቶ የኋላውን ግድግዳ ሸፍኖታል። አኑቢያስ ግን አግድም ግንዱ አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ስለሚበሰብስ በክር እንጨት ላይ ይታሰራል። መብራቱን በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ አላበራውም፤ ከዚያ ካለፈ የሚጠቀመው አልጌው ነው። ከሐይቁ ዳር ተክል ነቅሎ ማምጣቱን ግን ማንም እንዳይሞክረው አሳስባለሁ፤ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች በሐይቁ ስለሚገኙ ከቅጠሉ ጋር ተጣብቀው ወደምንነካው ውሃ ሊገቡ ይችላሉ።

ብዙ ጊዜ የማይነሳ አንድ ጉዳይ ከፍታችን ነው። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። በሌላ አገር ለአንድ ገንዳ ይበቃል ተብሎ የተጻፈውን የዓሣ ቁጥር እንዳለ መገልበጥ የማይገባውም በዚህ ምክንያት ነው። መብራት ሲጠፋ ችግሩ ይጎላል። ተክል ኦክስጅን የሚሰጠው ብርሃን ሲያገኝ ብቻ ነው፤ በጨለማ ግን እርሱም እንደ ዓሣው ተጠቃሚ ይሆናል። ስለዚህ መብራት ማታ ከጠፋ ምግብ አልሰጥም፤ በባትሪ የሚሠራውን የአየር ፓምፕ ከስፖንጅ ፊልተሩ ጋር አገናኛለሁ፤ ባትሪው ካለቀ ደግሞ ውሃውን በጣሳ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈስሰዋለሁ። ሙቀቱን ከ26 እስከ 27 ዲግሪ የሚጠብቀው ሂተር ሲቆም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርድ እንዳይገባ ገንዳውን በብርድ ልብስ እጠቀልለዋለሁ፤ ይህን ያህል ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ከዝግ ፊልተር ይልቅ ስፖንጅ የመረጥኩትም ስለዚሁ ነው፤ ዝግ ፊልተር ለሰዓታት ከቆመ ባክቴሪያው አየር አጥቶ ስለሚሞት፣ መብራት ሲመለስ የተበከለውን ውሃ ወደ ገንዳው ይተፋዋል።

ዓሦቹን የገዛሁት ገና ትንንሽ ሳሉ፣ ስድስት ሆነው ነበር። በዚያ ዕድሜ ወንዱን ከሴቱ መለየት ስለማይቻል፣ ብዙ አድርጎ አሳድጎ ጥንዶቹ ራሳቸው እንዲመራረጡ መተው ይሻላል። ከተመራረጡ በኋላ የገንዳውን ግማሽ ይዘው ሌሎቹን ማስጠጋት ስላቆሙ፣ የቀሩትን ለወዳጆች አከፋፈልኩ። አብረዋቸው የሚኖሩት ኮሪዶራስ የተባሉት ከገንዳው ወለል የሚለቅሙ ትንንሽ ዓሦች ብቻ ናቸው። ኒዮን ቴትራ የተባለው ትንሽ ዓሣ ለአዋቂ አንጀል ፊሽ ቁርስ ነው፤ ታይገር ባርብ ደግሞ በተራው ረጃጅም ክንፎቻቸውን ይነጫል።

እንቁላል መጣል ሲቃረብ ሁለቱም አንድ ሰፊ የሶርድ ቅጠል መርጠው በአፋቸው እየጠረጉ ያጸዱታል። ከዚያም ሴቷ ሆዷን ከቅጠሉ አስጠግታ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብላ ስትወጣ ከኋላዋ ብጫማ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ እንቁላሎች በመስመር ተለጥፈው ይቀራሉ፤ ወንዱም ያንኑ መስመር ተከትሎ ያዳብራቸዋል። እንቁላሎቹ በመቶዎች ይቆጠራሉ። እናትና አባት እየተፈራረቁ በጎን ክንፎቻቸው ያርገበግቡላቸዋል፤ ሻጋታ ይዞት የነጣውንም አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ውስጥ አቅፋ ስለምትፈለፍል እንዲህ ያለውን ሥራ ከእርሷ አናይም። በ27 ዲግሪ በ60 ሰዓት ገደማ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ከራሳቸው በሚወጣ የሚያጣብቅ ክር ቅጠሉ ላይ ተንጠልጥለው ይንቀጠቀጣሉ፤ የወደቀችውን ወላጆቹ በአፋቸው አንስተው ይመልሷታል፣ አንዳንዴም ሁሉንም ወደ ሌላ ቅጠል ያዛውሯቸዋል። የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች ወላጆቹ ራሳቸው መብላታቸው የተለመደ ስለሆነ ማንም ተስፋ ሊቆርጥ አይገባም፤ እንቁላሉን ወዲያው ነጥቆ በሌላ ዕቃ መፈልፈልን እኔ አልደግፍም።

ጫጩቶቹ አምስት ቀን ያህል ቆይተው መዋኘት ሲጀምሩ የሚያስፈልጋቸው በጨው ውሃ የተፈለፈለ አርቴሚያ የተባለ ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ እንስሳ ነው። የእንቁላል አስኳል በርካሽ ይገኛል፤ ነገር ግን ውሃውን ፈጥኖ ስለሚያበላሽ አልመክረውም። አሁን የእኔዎቹ የአባታቸውን ቅርጽ መያዝ ጀምረዋል፤ የሚወስዳቸው ወዳጅ ካለ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ፤ የምጠይቀው ከፍታው ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነና ባክቴሪያው የበሰለ ገንዳ እንዲኖረው ብቻ ነው።