የቆርኪ ጥርስ

ቆርኪ 21 ጥርስ አለው። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ሐዋሳ፣ አሮጌ ገበያ አጠገብ እናቴ በነበራት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ አንድ በአንድ እየቆጠርሁ ነው። ኮካም ሆነ ሚሪንዳ፣ ሃያ አንድ። ግኝቴን ለእናቴ ስነግራት «የዱቤ መዝገቡንም እንዲህ ብትቆጥሪልኝ» አለችኝ።

ጥርሱን ማን እንዳበጀለት ለማወቅ ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል። ዊልያም ፔይንተር ይባላል፤ የባልቲሞር ሰው ነው። በ1892 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት ክዳን 24 ጥርስ ነበረው፤ ሦስቱ የረገፉት ኋላ ነው። ስሙን «ዘውድ ቡሽ» አለው። ዘውዱ ለጥርሱ ነው፤ ቡሹ ደግሞ ውስጡ ስስ ክብ ቡሽ ስለሚለጠፍበት ነው። ቡሽ በእንግሊዝኛ «ኮርክ» መሆኑን ስሰማ፣ ቆርኪ የሚለው ቃላችን የማን ልጅ እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ። በእኛ ጊዜ ውስጡ ፕላስቲክ ሆኖ ነበር፤ ሽልማት አለበት በተባለ ቁጥር ጥፍራችን እስኪላጥ እንፍቀው ነበር። አንድም ቀን አልደረሰኝም።

ከፔይንተር በፊት የነበረው ችግር ጋዙ ነው። ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለ እንግሊዛዊ በ1767 ሊድስ ውስጥ በአንድ የቢራ ጠመቃ ጎረቤት ይኖር ነበር፤ ከሚፈላው ቢራ በላይ ውኃ አስቀምጦ ጋዙን አጠጣው። ጠላ የጠመቀች ሴት ሁሉ ከጋኑ አፍ የሚወጣውን ያን ሽታ ታውቀዋለች፤ ውኃ ለማጠጣት ግን አላሰበችም። ጋዙን ውኃ ውስጥ ማስገባት ከተቻለ በኋላ ደግሞ ማቆየቱ አስቸገረ። የጠርሙሱ መወተፊያ ቡሽ ይፈናጠራል፣ አለዚያም ቀስ ብሎ ያስተነፍሳል።

ስለዚህ ኮካ ኮላ ሲወለድ የብርጭቆ መጠጥ ነበር። ጆን ፔምበርተን የተባለው መድኃኒት ቀማሚ በ1886 አትላንታ ላይ ሲጀምረው፣ አንዱ ብርጭቆ በ5 ሳንቲም፣ ሰው እዚያው ፋርማሲ ውስጥ ቆሞ ይጠጣ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው በቀን ዘጠኝ ብርጭቆ ገደማ ነው። እናቴ በጥምቀት ሰሞን ይህን ያህል ከቁርስ በፊት ትሸጥ ነበር። ከፔምበርተን በኋላ ንግዱን የያዘው ኤሳ ካንድለርም ጠርሙስ አላጓጓውም። በ1899 የአሜሪካን አብዛኛውን ክፍል በጠርሙስ የመሙላት መብት ለሁለት የሕግ ባለሙያዎች በአንድ ዶላር ሰጣቸው፤ ዶላሯንም አልተቀበለም ይባላል። ለገዛ ወንድሟ እንኳ ማስያዣ ሳትቀበል ባዶ ጠርሙስ ከሱቋ የማታስወጣው እናቴ ይህን ብትሰማ ምን ትል ነበር? ያ ጠርሙስ ባይኖር ኮካ በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ መታሸግ ባልጀመረ፣ እኔም የምቆጥረው ባላገኘሁ።

ከሁሉም የምወደው ግን የፋንታን ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የኮካ ቅመም ጀርመን መግባቱ ሲቋረጥ፣ የእዚያው ፋብሪካ ኃላፊ ማክስ ካይት በ1940 ከአጓትና ከተጨመቀ የአፕል ገለባ ሌላ መጠጥ ሠራ። አጓት! የብርቱካኑ ፋንታ የመጣው በ1955 ከጣሊያን፣ ከኔፕልስ ነው። ስለዚህ «የሀብታም ልጅ መጠጥ» እያልን ስንቀናበት የነበረው ነገር መነሻው የጓዳ ትርፍራፊ ኖሯል።

ፔይንተር ክዳኑን የሠራው አንዴ ተከፍቶ እንዲጣል ነው። ለኩባንያው ይሸጥ የነበረውን ኪንግ ጂሌትንም ሰው ተጠቅሞ የሚጥለውና ተመልሶ የሚገዛው ነገር እንዲፈጥር መክሮታል ይባላል፤ ከዚያ ምላጩ መጣ። ፔይንተር ሐዋሳ ቢመጣ ያዝን ነበር። አናጢው አጎቴ የቆርቆሮ ሚስማር ሲመታ ከሥሩ ቆርኪ ያደርጋል፣ ዝናብ እንዳያስገባ። በክረምት ደግሞ ጣውላ ላይ ጥርሱን ወደ ላይ አድርጎ እየመታ የጫማ ጭቃ መፋቂያ ይሠራበታል። የቀረው ለዳማ ነው፤ የአንዱ ሠራዊት በጀርባው፣ የሌላው በሆዱ ይተኛል። ጠጠሩ ሲነግሥ ሌላ ቆርኪ ይደረብበታል፤ ዘውድ በዘውድ ላይ።

ባለፈው ወር አጎቴን ፍቅር ሐይቅ ዳር ጥላ ሥር ዳማ ሲጫወት አገኘሁት። አንዱ ጠጠር ጠፍቶበታል። ተጋጣሚው ሰማያዊ የውኃ ጠርሙስ ክዳን አቀበለው። አጎቴ አገላብጦ አየና መለሰለት።

«ጥርስ የሌለው ወታደር አላሰልፍም።»

አስተናጋጇን ጠርቶ ሚሪንዳ አዘዘ። ስትከፍተው ቆርኪውን ከእጇ ተቀብሎ በሸሚዙ ጠረገና ቦታው ላይ አስቀመጠው። እሱ ስኳር አለበት፤ ሚሪንዳውን የጠጣሁት እኔ ነኝ።