መርፌው ባዶ የወጣበት እብጠት

ደብረ ብርሃን ውስጥ በምሠራበት የፓቶሎጂ (የሕዋስና የሥጋ ናሙና ምርመራ) ክፍል፣ ከመንዝ ለመጡ አንዲት እናት በጡታቸው ላይ ላለው እብጠት የመርፌ ናሙና ታዘዘላቸው። «ኧረ አያመኝም ልጄ፤ መጠጠሩ ነው እንጂ» አሉኝ። መርፌው ጥሬ ድንች የወጋ ያህል እየተንገራገጨ ገባ፤ ሲሪንጁን ደጋግሜ ብስብም ስላይዱ ላይ ያረፈው ደምና እዚህም እዚያም የተበተኑ ጥቂት ሕዋሳት ብቻ ነበሩ።

አብሮኝ የነበረው ወጣት ሐኪም «የካንሰር ሕዋስ አልታየም» የሚል ውጤት እንድንሰጥ ፈለገ፤ እናቲቱም የሰንበቴ ተራ ደርሶባቸው ለመመለስ ቸኩለዋል። እኔ ግን «ናሙናው ለምርመራ አይበቃም» ብዬ ጻፍሁ፤ የጠጠረ እብጠት ሕዋስ ሲነፍግ ጥርጣሬን ያጠነክራል እንጂ አያረግብምና። በወፍራም መርፌ የተወሰደው ቁራጭ ፎርማሊን ውስጥ ቆይቶ ከተቀለመ በኋላ በማይክሮስኮፕ ስናየው፣ አብዛኛው ሮዝ ቀለም የያዘ የኮላጅን፣ ማለትም ጠባሳ የሚሠራው የፕሮቲን ክር፣ ጥቅል ሆኖ ተገኘ፤ የካንሰሩ ሕዋሳት በጥቅሎቹ መካከል በቀጭን ረድፍ ተቀርቅረዋል።

«ታዲያ በእጃችን የዳሰስነው ካንሰሩን ነው ወይስ ጠባሳውን?» አለ ወጣቱ። ጥያቄውን ወድጄለታለሁ፤ ጠባሳ ያለው ነገር ግን ዳር ቆሞ የሚመለከት አይደለም። የጡት ወተት ቱቦዎች ላሚኒን ከተባለ ፕሮቲንና ከአራተኛው ዓይነት ኮላጅን በተሠራ ስስ ሽፋን የተከበቡ ናቸው፤ የካንሰር ሕዋሳት ይህን ሽፋን እስኪጥሱ ድረስ በሽታው በቱቦው ውስጥ ተወስኖ ይቆያል። ከጣሱት በኋላ በዙሪያው ያሉት ፋይብሮብላስት የተባሉ ክር ሠሪ ሕዋሳት ኮላጅን በብዛት ያመርታሉ፣ ሊሲል ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይምም ክሮቹን እርስ በርስ አስተሳስሮ ያጠነክራቸዋል። ሕዋሱ ይህን ጥንካሬ ኢንቴግሪን በተባሉት ተቀባዮቹ ይለየዋል፣ ለመራባትና ለመንቀሳቀስም ይነሣሣል፤ ከዕጢው ወደ ውጭ የተዘረጉ ክሮች ደግሞ መውጫ መንገድ ይሆኑታል።

በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የቤተ ሙከራ ሥራም ነገርሁት፦ በላሚኒን በበለጸገ ጄል ውስጥ ያደጉ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ቤታ 1 የተባለው ኢንቴግሪናቸው ሲታገድ፣ የተዛባው ጂናቸው እንዳለ ሆኖ፣ ጤነኛ ሕዋስ የሚሠራውን ዓይነት ክብ ቅርጽ መልሰው ሠሩ።

እናቲቱ ለቀዶ ሕክምና ተላኩ። ከዚያ ወዲህ ክፍላችን የእብጠቱ ጥንካሬ በማዘዣው ላይ ካልተጻፈ የመርፌ ናሙና አይቀበልም፤ ማዘዣ የሚሞሉት ሐኪሞች እስካሁን ያጉረመርማሉ።