የጃፓኑን የዞምቢ ፊልም በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ለቤተሰቤ ያሳየሁት እንዲህ ነው

«ዋን ከት ኦቭ ዘ ዴድ» ቤት ውስጥ ሲታይ አንድ ክፉ ጠላት አለበት፦ ሪሞት። ፊልሙ 96 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹ 37 ደቂቃዎች ካሜራው ሳይቋረጥ የተቀረጸ የዞምቢ ታሪክ ናቸው። ተዋናዮቹ ይንተባተባሉ። ያለ ምክንያት ዝም ይላሉ። ካሜራው መሬት ላይ ወድቆ ይቆያል። ከዚያ፣ ፊልም ሲያልቅ እንደሚሆነው፣ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ይወጣል። ትኬት ቆርጦ ሲኒማ ቤት የገባ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሳሎን ያለ ሰው ግን ቻናል ይቀይራል። ፊልሙ ደግሞ ዋናውን ነገር የሚጀምረው ገና ከዚያ በኋላ ነው። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ሳታውቁ ማየት አለባችሁ።

ይህ ፊልም የተሠራው በ3 ሚሊዮን የን ገደማ ነው። በጊዜው ምንዛሪ 30 ሺህ ዶላር እንኳ አይሞላም። ዳይሬክተሩ ሺንኢቺሮ ኡዌዳ፣ ኤንቡ ሴሚናር በሚባል የቶኪዮ የትወናና የፊልም ትምህርት ቤት በተዘጋጀ ወርክሾፕ ማንም የማያውቃቸውን ተዋናዮች ሰበሰበ። የዞምቢውን ክፍል ሚቶ ከተማ በሚገኝ፣ ሥራ ባቆመ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ቀረጹት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ቶኪዮ ውስጥ በ2 ሲኒማ ቤቶች ብቻ ተከፈተ። ያየው ላላየው እያወራ በመላው ጃፓን ተዛመተ። ገቢው ከ3 ቢሊዮን የን አለፈ። የወጪው ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ዲስኩ ጃፓን ውስጥ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ወጣ።

እኔ የምኖረው ለንደን ነው። የገዛሁት ሰርድ ዊንዶው ፊልምስ የተባለው፣ የእስያ ፊልሞችን የሚያከፋፍል አነስተኛ ድርጅት እንግሊዝ ውስጥ ያወጣውን ብሉሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚይዝ ዲስክ) ነው። አዲስ አበባ ላሉት አክስቴና ወንድሜ ላሳያቸው ፈልጌ ነበር። ወንድሜ የሠርግ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ ካሜራ ተሸክሞ መሮጥ ምን እንደሆነ ያውቃል። አክስቴ ደግሞ እንግሊዝኛ አያነቡም። ፊልሙ ወሬ የበዛበት ስለሆነ ከጎን ሆኖ እያስረዱ ማሳየት አይቻልም። የአማርኛ ጽሑፍ ግድ ሆነ።

መጀመሪያ ያጣራሁት የዲስኩን ክልል ነው፤ ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚወስነው እሱ ነው። ይህን ሳያዩ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። በብሉሬይ አውሮፓም አፍሪካም «ቢ» ክልል ውስጥ ናቸው። ጃፓንና አሜሪካ «ኤ» ናቸው። ስለዚህ ለንደን የተገዛው ዲስክ በ«ቢ» ክልል ማጫወቻ አዲስ አበባም ይጫወታል። በዲቪዲ ግን ነገሩ ይለያል። እንግሊዝ 2 ናት፣ ኢትዮጵያ 5። ለማንኛውም የራሴን ማጫወቻ ከልብስ ጋር ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት።

የብሉሬይ የግርጌ ጽሑፍ ፊደል ሳይሆን ሥዕል ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ኮፒ አድርጎ መተርጎም የለም። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እያስቆምኩ፣ ሰዓቱን እየመዘገብኩ «ሰብታይትል ኤዲት» በሚባል ነፃ ፕሮግራም አማርኛውን ጻፍኩ። ጃፓንኛ አልችልም። እንግሊዝኛውን ይዤ ከሠራሁ በኋላ ጃፓን የተማረ ወዳጄ አብሮኝ ቁጭ ብሎ አረመው። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ቢቀመጥ ይሻላል፤ አለዚያ የአማርኛው ፊደል ሊበላሽ ይችላል። ጽሑፉን ከሁለት መስመር አላስበልጥኩም። ለአክስቴ ስል ደግሞ አጭሯም ቃል ብትሆን ሁለት ሰከንድ እንድትቆይ አደረግኩ።

ዲስኩ ላይ የራስን ጽሑፍ መጨመር አይቻልም። ዲስኩን መገልበጥ ደግሞ አልፈለግኩም። እንዲህ ያለ ትንሽ ፊልም የሚኖረው ሰው ሲገዛው ነው። መፍትሔው ላፕቶፕ ሆነ። 96 ደቂቃ የሚሄድ ጥቁር ባዶ ቪዲዮ አዘጋጅቼ አማርኛውን ቪኤልሲ በሚባል የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ከሱ ጋር አስኬድኩት። ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጥኩ። ዲስኩንና ላፕቶፑን እኩል ማስነሳት ነው። ትንሽ ከተዛነፈ በኪቦርዱ ላይ «ጂ» እና «ኤች»ን እየነኩ ማስተካከል ይቻላል።

ለዲቪዲ ይህ ፋይል እንዳለ አይሠራም። ብሉሬይ ፊልሙን በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። የአውሮፓ ዲቪዲ ብዙ ጊዜ 25 ነው፤ ፊልሙ ይፈጥናል። 37ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ሰብታይትል ኤዲት ይህን የሚቀይር ትእዛዝ ስላለው ለብቻው ሌላ ፋይል አወጣሁ።

ከሁሉም በላይ ልብ ያስፈለገው ግን ያ የመጀመሪያው ክፍል ነው። ሰዎቹ በማይሆን ሰዓት ስለ ማይሆን ነገር ያወራሉ። አንዱ ጠይቆ ሌላው መልስ ያጣል። የሚጽፍ እጅ ይህን ማቃናት ያምረዋል፤ ንግግሩ እንዲጥም፣ ዝምታው እንዲሞላ። አንዲት ቃል አላቃናሁም። እያንዳንዱ መደናቀፍ ኋላ የሚመጣ ምክንያት አለው። እዚህ ያቃና ሰው የፊልሙን ሁለተኛ ግማሽ ገደለው ማለት ነው። ለዲስክ፣ ለቴሌቪዥን፣ ለምንም የግርጌ ጽሑፍ የምትሠሩ ሰዎች ይህን አደራ። ፊልሙን እስከ መጨረሻው ሳታዩ አንድ መስመር አትጻፉ።

ሪሞቱን እኔ ያዝኩ። 37ኛው ደቂቃ ላይ ስም መውጣት ሲጀምር አክስቴ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ።

«አለቀ አይደል? ቡና ላፍላ።»

«እቴቴ፣ ይቀመጡ። ገና ነው።»

«ሰው ሁሉ አልቆ የለ እንዴ! ማን ቀረና ነው ገና የምትለኝ?»

ተቀመጡ። ሃያ ደቂቃ ያህል እየተጠራጠሩ አዩ። ከዚያ ሳቁ መጣ። ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ። ቡናው ተረሳ።

ወንድሜ የሚያየው ሌላ ነገር ነበር። ደም ሌንሱ ላይ ሲፈናጠቅና እጅ መጥቶ ሲጠርገው ከወንበሩ ብድግ ብሎ «መልሰው!» አለኝ። በመጨረሻው የስም ዝርዝር ላይ እውነተኛው ካሜራማን ሲሮጥ ሲያይ ደግሞ ጨርሶ ማውራት አቆመ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው አላልቅ አለ። ካሜራው ስንት ኪሎ ይሆናል? ድምፁን ማን ያዘ? እኛስ በዚህ ገንዘብ ምን መሥራት እንችላለን?

የጥያቄዎቹ ብዙ መልስ ያለው እዚያው ዲስኩ ላይ፣ ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳየው ቪዲዮ ውስጥ ነው። አሁን ለሱ አማርኛውን እየጻፍኩለት ነው። ከፊልሙ ይልቅ ይህ ይከብዳል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚያወሩት።