ቁልፉን ይዤ ወደ ደሴ

ከላምበረት መናኸሪያ ስንነሳ ገና ጎህ አልቀደደም። ረዳቱ ቦርሳዬን ላይ ልጫንልሽ ቢለኝ እምቢ አልኩ። ውስጡ የወራሽነት ማስረጃችን፣ እህቴ ከጅዳ የላከችው ውክልና እና የግቢያችን ቁልፍ ነበሩ። 22 ዓመቴ ነው፣ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነኝ። ሽማግሌ በሚላክበት ጉዳይ እኔ መሄዴ ራሴንም አስቆኛል።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲቃረብ ከደሴ የወጣነው ለሳምንት መስሎን ነበር። እኔና አባባ አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ቀረን። እህቴ ጅዳ ሄደች፤ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሁኔታው ሲረጋጋ ለሥራ ኮምቦልቻ ገባ። አባባ ሲያርፍ ጋሼ "ቤቱ ይሸጥና እንካፈል" አለ። እህቴ በስልክ ክፉ ተናገረችው፤ ተኳረፉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ያው ነው፦ ወራሾች ካልተስማሙ፣ ቤቱም ለመከፋፈል ካልተመቸ፣ በሐራጅ ይሸጣል።

ጣርማበር በጉም ተሸፍኗል። ጣልያን የቆፈረውን ዋሻ በመብራት አለፍነው። ደብረ ሲና ቆሎ ገዛሁ፤ ሸዋ ሮቢት ጃኬቴን አወለቅኩ።

ኮምቦልቻ ስወርድ ጋሼ ቆሞ ይጠብቀኛል።

"ብቻሽን ነው የመጣሽው?"

ሻይ ቤት ገብተን ውክልናውን ሰጠሁት። በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ማስተዳደር፣ ማከራየት፣ ማደስ።

"መሸጥ የሚል የለም" አለ።

"የለም። ጋሼ፣ ሁለቱን ሰርቪስ እናከራይ። እዳህን እስክትጨርስ ኪራዩን አንተ ውሰድ። እሷም ተስማምታለች።"

ዝም አለ። ሻዩ ቀዘቀዘ። "እስቲ ሄደን እንየው" ብሎ ተነሳ።

በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ አንድም ቃል አልተናገረም። የግቢው ቁልፍ ዝጓል፣ አልዞር አለ። ጎረቤታችን እማማ በሲኒ ዘይት ይዘው መጡ። "አብሽሩ፣ ይከፈታል!" ጋሼ ዘይቱን አንጠባጥቦ፣ በትከሻው ገፍቶ ከፈተው።

ሣሩ ጉልበት ደርሷል። የሰርቪሱ ቆርቆሮ ተገንጥሏል። የአባባ ኮክ ግን ፍሬ ይዟል። ጋሼ ስልኩን አወጣና ደወለ። እህቴ ስታነሳ ሰላም እንኳ ሳይላት ካሜራውን ወደ ዛፉ አዞረ።

ትንሽ ዝም አለች።

"ማን ነው ውሃ ሲያጠጣው የከረመው?"

"እማማ ናቸው" አለ ጋሼ።

"በል ሳትበላው ልቀምና ግማሹን ለሳቸው ስጥ።"