ክረምት ሲገባ የድሮ አምፕሊፋየር ለምን ይጮኻል?

ሐምሌ፣ ጅማ

ዝናቡ አንዴ ከያዘ በኋላ በዚህ ከተማ ጸጥ ብሎ የሚሠራ የድሮ የጊታር አምፕሊፋየር ማግኘት ይቸግራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተሠሩት ባለ ቲዩቦቹ (በሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠሩት) ፌንደርና ቮክስ፣ በተለይ መጋዘን ውስጥ የከረሙት፣ ሰኔ ሲገባ ጠባያቸው ይለወጣል። ባለቤቱ «ይጮኻል» ብሎ ያመጣል፤ ሠሪው ካፓሲተሩን (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን እቃ) ሁሉ ነቅሎ በአዲስ ይተካል፤ ጩኸቱ ግን እዚያው ይቀራል። ብዙ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚሠራው ጆሮ እንጂ ካውያ አይደለም።

ጊታር በእጁ ያለ ሰው ለዚህ ሌላ መሣሪያ አይፈልግም። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። በልኩ የተቃኘ ጊታር ወፍራሙ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ 98 ኸርዝ ይሰጣል። የአምፕሊፋየሩ እምምታ ከዚህ ድምፅ ጋር ከተቀራረበ 100 ኸርዝ ነው፤ ከሬክቲፋየሩ (ተለዋዋጩን ከረንት ወደ ቀጥታ ከሚለውጠው) በኋላ ያለው የማጣሪያ ካፓሲተር ደክሟል ማለት ነው። ከዚያ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ካለ፣ ማለትም ቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ከሚሰጠው ጋር ከተጠጋ፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ሂተር (ቲዩቡን ወደሚያሞቀው) ሽቦ፣ ወደ ግራውንድ ወይም በአንድ ዳዮድ ብቻ ወደሚሠራው የባያስ መስመር (የኃይል ቲዩቦቹን ከረንት ወደሚወስነው) ይሄዳል። ሽሽታ ከሆነ ሬዚስተር ወይም የመጀመሪያው ቲዩብ ነው። የሚንኮሻኮሽና ድንገት የሚፈነዳ ከሆነ ደግሞ እርጥበት፣ የቆሸሸ ሶኬት ወይም የተሰነጠቀ ሶልደር ነው።

ቀጥሎ ቦታው ይፈለጋል። ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሲደረግ ጩኸቱ ከጠፋ ምንጩ ከቮልዩሙ በፊት ነው፤ ካልተለወጠ ከእሱ በኋላ ነው። ከዚያ ቲዩቦቹን ከመግቢያው ጀምሮ አንድ በአንድ ማውጣት ነው። ሂተራቸው በፓራሌል (ጎን ለጎን) በተያያዘ አምፕሊፋየር ይህ ጉዳት የለውም። አንዱ ሲወጣ ጩኸቱ አብሮ ከሄደ ምንጩ እዚያ ወይም ከዚያ በፊት ነው። ፌዝ ኢንቨርተሩ (ከኃይል ቲዩቦቹ በፊት ያለው የመጨረሻው ቲዩብ) ወጥቶም ከቀጠለ የቀሩት የኃይል ቲዩቦቹ፣ ባያሱና የኃይል ማጣሪያው ናቸው። ሁለቱ የኃይል ቲዩቦች እኩል ካልሳቡም እርስ በርስ ይሰርዙት የነበረው እምምታ ይወጣል፤ ካፓሲተር ከመወንጀል በፊት ይህን መለካት ይገባል። በዚህ ሁሉ መሃል ስፒከሩ መነቀል የለበትም። ያለ ስፒከር መጫወት የውጤት ትራንስፎርመሩን ያቃጥላል።

ሻሲው (የብረት አካሉ) ሲከፈት ስፒናው ተነቅሎም ውስጡ 400 ቮልት ሊቆይ ይችላል። 10 ኪሎ ኦም 5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ በሻሲውና በእያንዳንዱ ካፓሲተር ፖዘቲቭ መካከል ለጥቂት ሴኮንድ ይያዛል፤ ከዚያ በቴስተር ከ5 ቮልት በታች መውረዱ ይረጋገጣል። በካቻቢቴ ሾርት አድርጎ ማራገፍ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን በፍጹም አልደግፈውም። ብልጭታው ካፓሲተሩን ይጎዳል፣ ዓይንንም ያሰጋል።

የማጣሪያ ካፓሲተሩ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ጅማ ላይ የሚገጥመው ችግር የቮልቴጅ ጉዳይ ነው። የድሮዎቹ 16 ወይም 20 ማይክሮፋራድ፣ 450 ወይም 500 ቮልት ናቸው። ሂርማታ ገበያ ዞሮ በቀላሉ የሚገኘው ግን ለቴሌቪዥን የሚሆነው 400 ቮልት ነው። 440 ቮልት በሚያልፍበት መስመር ላይ እሱን ብቻውን ማስገባት ማፈንዳት ነው። መፍትሔው ሁለት አዲስ ባለ 47 ማይክሮፋራድ 400 ቮልት በሲሪየስ (አንዱን ከሌላው አስከትሎ) ማያያዝ ነው፤ 23.5 ማይክሮፋራድና 800 ቮልት ይሆናሉ። በእያንዳንዳቸው ላይ 220 ኪሎ ኦም 2 ዋት ሬዚስተር በፓራሌል ይገጠማል፤ ያለበለዚያ ቮልቴጁ እኩል አይከፈልም፣ አንዱ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል። ከተሰበረ ቴሌቪዥን የተነቀለ አሮጌ ካፓሲተር ግን እዚህ ቦታ የለውም።

«ትልቅ ካፓሲተር ከሆነ እምምታው ፈጽሞ ይጠፋል» እየተባለ 220 ማይክሮፋራድ የሚገጠምበትም አለ። ሬክቲፋየሩ ቲዩብ ከሆነ ይህ ይገድለዋል። ጂዜድ 34 የተባለው ሬክቲፋየር ቲዩብ ጣሪያው 60 ማይክሮፋራድ ነው፣ የኢዜድ 81 ደግሞ 50። ከዚያ ካለፈ አምፕሊፋየሩ በተከፈተ ቁጥር ቲዩቡ ከአቅሙ በላይ ከረንት ይጎትታል።

ከጥገና በኋላ መጀመሪያ ሲከፈት የ60 ወይም የ100 ዋት አምፖል በመብራቱ መስመር ላይ በሲሪየስ ይገባል። አምፖሉ ክር ያለው መሆን አለበት፤ ኤልኢዲ አይሠራም። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ እንደ በራ ከቆየ ውስጥ ሾርት አለ፣ ወዲያው ይጠፋ።

አሁን ወደ እርጥበቱ። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናብዋ ረጅም የሆነ ከተማ ናት፤ እነዚህን አምፕሊፋየሮች ከዕድሜያቸው በላይ የሚጎዳቸው ይህ ይመስለኛል። ለምሳሌ መግቢያ ጃኩ፣ የጊታሩ ገመድ የሚሰካበት። ምንም ሳይሰካ መግቢያውን ከግራውንድ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ የብረት ምላስ አለው። እሱ ሲዝግ መግቢያው ክፍት ይሆናል፤ አምፕሊፋየሩም እንደ አንቴና ከአካባቢው የመብራት መስመር እምምታ ይሰበስባል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ጫፉና አንገቱ በሽቦ የተገናኙ ባዶ ጃክ ይሰካ። ጸጥ ካለ ጥፋቱ ምላሱ ነው። ቀጭን ወረቀት በአልኮል ተነክሮ በምላሱና እሱ በሚነካው ብረት መካከል ይሳባል፣ ወረቀቱ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ። ብርጭቆ ወረቀት ግን ሽፋኑን ልጦ በሚቀጥለው ክረምት ቶሎ እንዲዝግ ያደርጋል።

የባሰው እርጥበት የማይታየው ነው። የፌንደር ጥቁር ፋይበር ቦርድ ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣም ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። አምፕሊፋየሩ እንደበራ፣ የቴስተሩ ጥቁር ጫፍ በክሊፕ ሻሲው ላይ ታስሮ፣ ቀዩ ጫፍ ምንም ባልተበየደበት ባዶው ቦርድ ላይ ይነካል፤ አንድ እጅ ብቻ ይሠራል፣ ሌላው ከሻሲው ይርቃል። ቴስተሩ ዜሮ ማንበብ ሲገባው ብዙ ቮልት ካነበበ ቦርዱ ራሱ እያፈሰሰ ነው። በዚህ ጊዜ ምንም ዓይነት አዲስ እቃ ኩሽኩሽታውን አያጠፋውም። ኃይሉ ተነቅሎና ካፓሲተሮቹ ተራግፈው ቦርዱ በፀጉር ማድረቂያ ለብ ባለ ሙቀት በደንብ ይደርቃል፣ ከዚያ እንደገና ይለካል። ንባቡ ከወደቀ ምክንያቱ ተገኝቷል ማለት ነው። ሙቀቱ ከበዛ በቦርዱ ውስጥ ያለው ሰም ስለሚቀልጥ መታገስ ይሻላል።

የካርቦን ሬዚስተሮችም እርጥበት ይወስዳሉ፤ 100 ኪሎ ኦም የተጻፈበት 130 ሆኖ ይገኛል። ሽሽታው በላዩ ላይ ባለው ቮልቴጅ ልክ ስለሚጨምር መቀየር ያለበት በመጀመሪያው ቲዩብ፣ በኢሲሲ 83፣ ፕሌት (ድምፁ ጎልቶ በሚወጣበት እግር) ላይ ያለው 100 ኪሎ ኦም ነው፤ በሜታል ፊልም 1 ዋት ቢተካ ለውጡ ይሰማል። ሌሎቹ ልካቸውን ከ20 በመቶ በላይ እስካልሳቱ ድረስ ይተዉ። ሁሉንም መቀየር ድምፁን ይለውጠዋል፣ የእቃውንም ዋጋ ይቀንሳል።

ድምፁን ከአንዱ ቲዩብ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ካፓሲተር የሚለካው ወደ ግሪድ (ድምፁ ወደ ቲዩቡ ወደሚገባበት) የሚሄደው እግሩ ከተነቀለ በኋላ በዚያ እግርና በሻሲው መካከል ነው። ከወዲያ በኩል 300 ቮልት ሆኖ 10 ሜጋ ኦም የሆነው ቴስተር 10 ቮልት ቢያነብ አያስደነግጥም፤ እግሩ 220 ኪሎ ኦም ወደሆነው የግሪዱ ሬዚስተር ሲመለስ ግሪዱ ላይ የሚደርሰው ሩብ ቮልት እንኳ አይሞላም። 50 ቮልት ካነበበ ግን ግሪዱ ከ1 ቮልት በላይ ወደ ፖዘቲቭ ይገፋል፤ የኃይል ቲዩብ ከሆነ ይግላል። ይህ ይቀየር።

ሂተሩ 6.3 ቮልት ነው፤ ከ5.7 በታች ወይም ከ6.9 በላይ ከሆነ መጀመሪያ የቤቱ መብራት ይለካ። ትራንስፎርመሩ ከሂተሩ ጥቅል መሃል ወጥቶ ግራውንድ የሆነ ሽቦ ከሌለው ሁለት 100 ኦም ግማሽ ዋት ሬዚስተር ከሁለቱ የሂተር ጫፎች ወደ ሻሲው ሲገቡ 50 ኸርዙ በግልጽ ይቀንሳል። የመሃል ሽቦው ካለው ግን አይጨመርም።

የአሜሪካ ስሪት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። 117 ቮልት ስለሆነ ከፊቱ መቀነሻ ይገባል፤ ለ60 ኸርዝ የታሰበ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ የበለጠ ስለሚሞቅ 117ን ከማለፍ ትንሽ ማነስ ይሻላል። ብዙዎቹ መቀነሻዎች ግራውንድ አያሳልፉም። የድሮው ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ በሦስት ሽቦ ተተክቶ አረንጓዴው ለብቻው በብሎን ከሻሲው ጋር ይታሰራል፤ ከመብራት መስመር ወደ ሻሲው የሚሄደው 0.047 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ደግሞ ይወገዳል። እሱ ሾርት ካደረገ ሻሲውና የጊታሩ ክር ከመብራት ጋር ይገናኛሉ። ዘፋኙ በሌላ መስመር ላይ ያለ ማይክሮፎን ሲነካ የሚሆነውን ማሰብ በቂ ነው። እምምታው እንዲቀንስ ብሎ የግራውንዱን እግር መቁረጥም ያው አደጋ ነው። የግድግዳው ሶኬትም ይለካ፤ በፌዝና በግራውንድ መካከል 220 አካባቢ ካልታየ ሦስተኛው ቀዳዳ ለታይታ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠራው የቤቱ ኤሌክትሪሺያን ነው።

ሥራው ሲያልቅ የወጡት እቃዎች በፖስታ ተደርገው፣ የትኛው ከየት እንደወጣ ተጽፎባቸው፣ ለባለቤቱ ይመለሱለት። አምፕሊፋየሩም ከሲሚንቶ ወለል ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ ይቀመጥ፤ ክረምቱን ሙሉ በሳምንት አንዴ ለግማሽ ሰዓት ይከፈት። ከቲዩቡ የሚወጣው ሙቀት ቦርዱን ያደርቀዋል።